«እርስዎ» የሚሏት ተማሪ

እፀገነት አማርኛ የተማረችው ከበላዮቿ ጋር ለመነጋገር ነው። ዋግ ውስጥ፣ ጽጽቃ ተወልዳ ያደገች፣ እናቷ ወይዘሮ አስቻለች ቤትም ሆነ ማሳ ላይ ከአገሩ ቋንቋ ከኽምጥኛ ሌላ ቃል የማይወጣቸው፣ እሷም እስከ ሰባት ዓመቷ ሌላ ቋንቋ መኖሩን በሩቁ የምትሰማ ልጅ ነበረች። አማርኛ ሰው ይዞት መጣ፤ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያዋ፣ የግብርና ሠራተኛው፣ ስብሰባ ሊጠሩ የሚመጡት የወረዳ ሰዎች። ከእነዚህ መካከል አንድም እኩያዋ አልነበረም። ስለዚህ አማርኛዋ በሙሉ «ይግቡ»፣ «ይቀመጡ»፣ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ነበር። መቀለዱ፣ መጣላቱ፣ ማኩረፉና መታረቁ በኽምጥኛ ያልቃል።

ይህን እንደ ጉዳይ የቆጠረው ሰው አልነበረም። ስለ እኩልነት በየግድግዳው የጻፉት ሰዎች እንኳ፣ አንዲት ልጅ በአገሩ የሥራ ቋንቋ ከእኩያዋ ጋር ለመነጋገር አንድ ቀን ዕድል አግኝታ እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። ቀለሙን ቀቡና ሄዱ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ከትምህርት ቤቷ ተፈታኞች ለሬሚዲያል የበቃችው እሷ ብቻ ሆነች። ሬሚዲያል ማለት ማለፊያ ያላመጣ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ጥቂት ወራት ተምሮ እንደገና የሚፈተንበት ነው። ግማሹን ያመጣ ይቀጥላል፤ ያላመጣ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ አቁሞ «እስቲ እናይሻለን» የማለት ያህል ነው። እፀገነት ብትመለስ የሚቆጣት እንደሌለ ታውቃለች። እናቷ ምግብ አቅርበው ዝም ይላሉ። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ልጆች ግን ደብተራቸውን ያስቀምጣሉ። «እፀገነት እንኳ» ይላሉ፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ሰቆጣ ላይ ከየወረዳው ለተመደቡት ተማሪዎች መሸኛ ተደረገላቸው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ለመምራት ከጎጃም ተመድበው የመጡት አቶ ዘበነ አዳራሹ ፊት ቆመው ከአንድ ወረቀት ላይ አነበቡ፤ ወረቀቱንም ለእያንዳንዱ ተማሪ አደሉ። አሥራ ሁለት ነጥብ አለው። «ውድ ተማሪ ሆይ፣ ጊዜህን በአግባቡ ተጠቀም። በራስ መተማመንህን አዳብር። ከመጥፎ ጓደኛ ራቅ።» መጥፎ ጓደኛ ምን እንደሚመስል አልተጻፈም፤ ጥሩው ከየት እንደሚገኝም እንዲሁ። አቶ ዘበነ ክፉ ሰው አልነበሩም። ወረቀቱን ከሌላ ወረቀት ገልብጠውታል፤ ያም ከሌላ ተገልብጧል። መጀመሪያ የጻፈው ሰው ተማሪ አይቶ የሚያውቅ ስለመሆኑ ማስረጃ የለም።

አዳራሹ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠው ከሰሃላ የመጣ ተስፋው የሚባል ልጅ ነበር። መኪና የሚገኝበት መንገድ ድረስ አንድ ቀን ተኩል በእግሩ ተጉዟል። ሁለቱ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተመድበው ነበር፤ ደቡብ፣ ሦስት ቀን የሚያስኬድ አገር። መንገዱ ለጥቂት ሳምንት ክፍት በነበረበት ሰሞን ተሳፈሩ። እሷ ወረቀቱን እየደጋገመች አነበበች፤ ደሴ ሲደርሱ አሥራ ሁለቱንም በቃሏ ይዛቸዋለች። ተስፋው መስኮቱን ያያል። ምን እንደሚያስብ ስትጠይቀው፣ እዚያ ከደረሱ በኋላ ከማን ጋር እንደሚነጋገር እያሰበ መሆኑን ነገራት። ከእሷ ጋር እንደሚነጋገር መለሰችለት። የወንድና የሴት መኖሪያ በአጥር የተለየ መሆኑን፣ ምድባቸውም የተለያየ እንደሚሆን ሁለቱም አላወቁም።

በመጀመሪያው ሳምንት ዶርም ውስጥ ከላይኛው አልጋ የምትተኛውን የሻሽወርቅ የምትባለውን ልጅ አየቻት። የሻሽወርቅ ባልዲ ይዛ ስትገባ እፀገነት ወዳጅነት ልትጀምር ፈልጋ «የሻሽወርቅ፣ ውሃ ቀዳህ?» አለቻት።

አምስት ሴቶች አልጋ ላይ ወደቁ። አንዷ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። የሻሽወርቅ ራሷ አገጯን እየዳበሰች ጢም እንዳላት ጠየቀች። እፀገነት ምን እንዳጠፋች እስኪገባት ቆየች። በኽምጥኛ ፊት ለፊት የምታነጋግረው ሰው ወንድም ይሁን ሴት መጥሪያው አንድ ነው፤ ቃሉ ሰውየውን ለመለየት አይቸገርም። አማርኛ ግን ማን ፊት እንደቆምሽ ሳታጣሪ አፍሽን አትክፈቺ ይላል። የአቶ ዘበነ ወረቀት እሷን ራሷን አሥራ ሁለት ጊዜ «አንተ» ብሏታል፤ በማህተም። ያኔ አዳራሹ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ደግሞ ዳቦ ሻጩን «አንቺ» አለችው፤ ከፋው። ሦስተኛ ስህተት አልጠበቀችም። ሌሊቱን አስባ መድኃኒቱን ከራሷ አማርኛ ውስጥ አገኘችው፤ «እርስዎ»። ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ደግሞም ከልጅነቷ ጀምሮ ምላሷ ለምዶታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እፀገነት የሚቀርባትን ፍጡር ሁሉ «እርስዎ» አለች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷን የሻሽወርቅን «ሳሙናዎን ልዋስዎት?» አለቻት። አብረዋት የሚማሩትን ጎረምሶች «ደብተርዎን ረስተዋል» ብላ ጠራቻቸው።

አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም፤ ግን ማንም አልቀረባትም። የሻሽወርቅ «አሮጊት ነሽ» መባሏ መሰላት። ሌሎቹ ትንቀናለች አሉ፤ ገሚሱ ደግሞ ትቀልድብናለች ብሎ ጠረጠረ። ዘበኛውና የካፌዋ ወጥ አዳይ ብቻ ናቸው ደስ ያላቸው። ሴትዮዋ በሃያ ዓመት ሥራዋ ከተማሪ አፍ «እርስዎ» ሰምታ ስለማታውቅ፣ ለእፀገነት ጭልፋውን ከድስቱ ሥር ታወጣላት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ያገኘችው ጥቅም ለጊዜው ይኸው ነበር።

ስሟም ጠፋ። መጀመሪያ ዶርሙ፣ ቀጥሎ ምድቡ፣ ከዚያ ግቢው «እርስዎ» አላት። «እርስዎ መጣች»፣ «እርስዎን ጥሯት»። ለማላገጥ የጀመሩት ሰዎች ራሳቸው ቅጽል መሆኑን ረሱት።

ዶርሙ ውስጥ ግን ነገሩ የገባት አንዲት ልጅ ነበረች። ሙና ትባላለች። አባቷ ዓሊ ሰቆጣ ገበያ ዳር ሱቅ አላቸው። ሙና ከባንኮኒው ኋላ ሆና የገጠር ደንበኞችን ስትሰማ አድጋለች፤ ኽምጥኛ ትሰማለች፣ ዕቃ ስትሸጥም በኽምጥኛ ትቆጥራለች። እፀገነት ለምን «እርስዎ» እንደምትል በመጀመሪያው ቀን አውቃለች። ነገር ግን የት አገር ልጅ እንደሆነች ለተጠየቀችው ሁሉ «ደሴ» ብላ መልሳ ስለነበር አፏን ዘጋች። እፀገነትም የሙናን አገር አውቃለች፤ አንድ የዋግ ሰው ሌላውን ለመለየት መታወቂያ አያስፈልገውም። ዝም አለች። አንድ ክፍል ውስጥ የአንድ አገር ሁለት ልጆች በየአልጋቸው ሆነው አንዷ አገሯን፣ ሌላዋ ምላሷን ደብቀው አራት ወር ኖሩ።

በአራተኛው ወር የጂኦግራፊ መምህርቷ ምህረት የግሩፕ ሥራ ሰጠች፤ ስለ አፈር መሸርሸር። ከሃያ የሚታረም ነው፤ የመጨረሻው ድምር ውስጥ ይገባል። እፀገነት የመጀመሪያ ፈተናዋ ደካማ ስለነበር ይህን ነጥብ ካጣች የቀረው ፈተና ብቻውን እንደማያወጣት አስልታ አውቃዋለች። በሪሁን በሚባል ፈጣንና ተናጋሪ ልጅ ግሩፕ ውስጥ ደረሳት፤ ሙናም እዚያው ነበረች። እፀገነት ስብሰባ ላይ መጥታ ተቀመጠች፤ አልተናገረችም። ያልተናገረ ሰው ደግሞ አልመጣም ተብሎ ይቆጠራል።

ርዕሱን ግን ከሁሉም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። ጽጽቃ ባለችበት በዝቋላ ወረዳ በየዓመቱ በጥር ሕዝቡ እርከን ሥራ ይወጣል፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምራ ድንጋይ ተሸክማለች። ስለዚህ ሁለት ገጽ ጽፋ፣ በእጇ ለበሪሁን «ይመልከቱት» ብላ ሰጠችው። በሪሁን አየው፤ ከእሱ ጽሑፍ መሻሉንም ተረዳ። ኮምፒውተር ላይ አስተየበውና ገጽ ሦስትና አራት አደረገው። ሽፋኑ ላይ ስም ሲደረድር እሷ ጋ ሲደርስ ቆመ። የዚህች ልጅ ስም ማነው ብሎ ጠየቀ። ከሙና በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሙና ስልኳን ትነካካ ነበር።

ውጤት የተነገረው ክፍል ውስጥ፣ ሰባ ተማሪ ፊት ነው። መምህርቷ የየግሩፑን ስም እየጠራች አነበበች። ስትጨርስ አንዲት ልጅ ስሟ እንዳልተጠራ አየች።

«አንቺ ከየትኛው ግሩፕ ነሽ?»

እፀገነት ከበሪሁን ግሩፕ መሆኗን ተናገረች። በሪሁን ሳይነሳ መለሰ። «ስሟን የሚያውቅ ጠፋ፣ ቲቸር። "እርስዎ" ብለን እንዳንጽፍ ነው የተውነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እፀገነት ብትቀመጥ ምን እንደሚሆን አወቀች፤ ሃያው ይቀራል፣ ግንቦት ላይ ዝርዝሩ ይለጠፋል፣ ሐምሌ ላይ እናቷ ምግብ አቅርበው ዝም ይላሉ። «እርስዎ» ለዚህ አልሆን አላት። ሌባን «እርስዎ ሰርቀውኛል» ብሎ መክሰስ አይቻልም፤ ቃሉ ራሱ ከተከሳሹ በታች ያቆማል። ስለዚህ አራት ወር የሸሸችውን አፍ ከፈተች።

«በሪሁን፣ ሁለት ገጽ ጽፌ በእጅሽ ሰጥቼሻለሁ። ወስደሽ ስሜን ጣልሽ።»

እንዲያ ያለ ሳቅ በዚያ ክፍል ተሰምቶ አያውቅም። ወንድን «አንቺ» ማለት ስድብ ነው፤ በሪሁን ፊቱ ደም መስሎ ብድግ አለ። እፀገነት ስህተቷን ከራሷ ጆሮ ሰማችው። ሳቁ እስኪቀንስ ጠበቀች።

«ተሳስቻለሁ። አንተ ነህ» አለች። «የጣልከው ግን ያው ነው።»

አሁን የሳቁት ጥቂቶች ናቸው። እሷም ወደ መምህርቷ ዞራ በለመደችው አማርኛ ገጽ ሦስትና አራት የእሷ መሆናቸውን፣ እሷንም እሱንም እንድትጠይቃቸው ለመነቻት። መምህርት ምህረት ወረቀቱን ገልጣ በሪሁንን ጠየቀችው። ተዳፋቱ ሲጨምር በእርከንና በእርከን መካከል ያለው ርቀት ምን ይሆናል? በሪሁን ይሰፋል አለ። እፀገነት ይጠባል አለች። ለምን እንደሚጠብ፣ የመጀመሪያው ድንጋይ ለምን መሬት ተቆፍሮ እንደሚቀበር፣ ላይኛው ድንጋይ ለምን በታችኞቹ ሁለት መገጣጠሚያ ላይ እንደሚቀመጥ በእጇ እያሳየች ተናገረች። መሐል ላይ ድንጋዩን አንዴ «እሱ» አንዴ «እሷ» አለችው። ድንጋዩ አልተቆጣም።

መምህርቷ ብዕር አንስታ ስሟን ጠየቀቻት። እፀገነት ከመመለሷ በፊት ከኋላ ድምፅ መጣ።

«እፀገነት ነው ስሟ።» ሙና ነበረች። ከየት እንዳወቀችው በሪሁን ሲጠይቃት ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሳ መለሰች። «ያገሬ ልጅ ናት።»

ፍርዱ ግን የታሰበውን ያህል አልነበረም። የገባ ወረቀት ላይ ስም አይጨመርም የሚል መመሪያ ተገኘ፤ ሲሰረቅ ያልነበረ መመሪያ ሲመለስ ይገኛል። መምህርት ምህረት ያደረገችው ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆማ ሥራዋን ብቻዋን እንድታቀርብ፣ በዚያ እንድትታረም መፍቀድ ነው። በሪሁን ሃያውን እንደያዘ ቀረ።

በረንዳ ላይ ሙና ደረሰችባት። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ይቅርታ መጠየቅ አታውቅበትም ነበር። ጎን ለጎን ሄዱ።

«አንቺ ታውቂ ነበር» አለቻት እፀገነት። ይህኛው አልተሳሳተም።

ሙና አልካደችም። «በመጀመሪያው ቀን አንዷን ሰቆጣ ነኝ ብያት ነበር» አለች። «"ውይ፣ እዚያ ዝናብ የለም አይደል? ትበላላችሁ?" አለችኝ፤ እያዘነችልኝ። ሁለተኛ ማዘን ስላልፈለግሁ ደሴ አልኩ።»

እፀገነት ልትፈርድባት ፈልጋ ነበር። አራት ወር ሙሉ ከዚያው ከንፈር መጠጣ የሸሸችው እሷም መሆኗ ትዝ ሲላት አቃታት። ያን ቅዳሜና እሁድ ሙና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሰማቻት፤ በተሳሳተች ቁጥር አላረመቻትም፤ የገባኝን ልንገርሽ ብቻ አለቻት። ሰኞ እፀገነት ሃያ ደቂቃ ተናገረች። ስድስት ጊዜ ተሳሳተች፤ በአራተኛው መሳቅ ሰለቻቸው። ከሃያ አሥራ አምስት አገኘች።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ ከመቶ ሃምሳ ሁለት አምጥታ ነበር። ያ አሥራ አምስት ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ቦርዱ ሥር ቆማ ቀነሰችው፤ ከዚያ ተወችው። እናቷ ጋ ደወለች። ወይዘሮ አስቻለች ቁጥሩ አልገባቸውም፤ «ትመጪያለሽ ወይስ ትቆያለሽ?» ብለው ጠየቁ። እቆያለሁ አለቻቸው። እናቷ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ይህኛው ዝምታ ከፈራችው የተለየ ነበር።

ከዋግ ከመጡት ብዙዎቹ ግን በዚያው ሳምንት ወጡ። እሷ ለሚቀጥለው ዓመት ቅጽ እስክትሞላ ሁለት ሳምንት ተፈቀደላት፤ ያላለፉት በማግሥቱ ግቢ እንዲለቁ ተነገራቸው። ተስፋው አርባ ሰባት አምጥቷል። መናኸሪያ ድረስ ሸኘችው፤ በኽምጥኛ እያወሩ ሄዱ። የግሩፕ ሥራው ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። ምንም አለ። ሽፋኑ ላይ ስሙ አልነበረም።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ተስፋው ቦርሳውን ለረዳቱ ሰጥቶ ወደሷ ዞረ። «ለማን? አንቺን እኮ ቢያንስ ስም አውጥተውልሻል። እኔን የጠራኝ የለም።»

እፀገነት አሥራ ሁለቱን ነጥቦች በቃሏ ታውቃለች፤ አንዱም ለዚህ አልተጻፈም። በግሩፕ ሥራው ላይ ቅሬታ የሚቀርብበት ቀን ካለፈ አሥር ቀን ሆኖታል። አውቶብሱ ሲወጣ ተስፋው መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ነበር። እጁን አላወዛወዘም።

በክረምቱ ሰቆጣ ተመልሳ ከሙና ጋር ሆነው አንድ ነገር ጀመሩ። ስም የለውም፤ ስም ቢኖረው ቢሮ ይጠራውና ይገድለው ነበር። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በዓሊ ሱቅ በረንዳ ላይ በዚያ ዓመት የሚሄዱ ተማሪዎች ይሰበሰባሉ። ከጋዝጊብላ፣ ከጽጽቃ፣ ካሉበት። እፀገነት ምክር አትሰጣቸውም። ያጣላቻቸዋል። ሁለት ሁለት አድርጋ ታቆማቸውና በአማርኛ እንዲጨቃጨቁ ታዛለች፤ ወንበሬን ወሰድክ፣ ሳሙናዬን ጨረስሽ፣ ስሜን ጣልክ። «እርስዎ» ያለ እንደገና ይጀምራል። ወለተ ሰንበት የምትባል የጋዝጊብላ ልጅ አንድ ቀን ሙናን «አንተ ውሸታም» አለቻት። ሙና ሳትስቅ መለሰችላት፤ ጭቅጭቁ ቀጠለ። ዓሊ ከሱቁ ውስጥ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ ደንበኛ ፀብ መስሎት እየሸሸባቸው መሆኑን ለልጃቸው ነገሩ፤ አላስቆሟቸውም።

መሄጃቸው ሲደርስ አንዳንዶቹ የተጻፈ ነገር እንድትሰጣቸው ይጠይቋታል። የምትላቸው ትንሽ ነው። ስማችሁን በመጀመሪያው ቀን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ የጻፋችሁትን ሳትሰጡ ስማችሁን አናቱ ላይ ጻፉ፤ ሲስቁባችሁ አረፍተ ነገሩን ጨርሱ። ከዚህ በላይ አታውቅም፤ የማታውቀውንም አትናገርም።

ለተስፋው ሰው ልካለች። እንደገና መፈተን እንደሚችል፣ በረንዳውም እንዳለ። በመጀመሪያው ገበያ ለአንድ የሰሃላ ሰው ነገረች፤ ሰውየው ተናግሬዋለሁ ብሎ ተመለሰ። በሁለተኛው ለአንዲት ሴት ነገረች፤ እሷም አይቻዋለሁ፣ ከከብት ጋር ነው፣ ሰምቶ ዝም አለ አለቻት። በሦስተኛው ገበያ ዝናብ ስለነበር ከሰሃላ የመጣው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር። እፀገነት ጃንጥላዋን ይዛ እስከ ዳገቱ ድረስ ተከተለቻቸው፤ መልእክቱን በኽምጥኛ ነገረቻቸው፤ እንዳይረሱት ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው።